የደረጃው ልክ

ከግድግዳ ግድግዳ ሜትሩን ሳበና፣
ከጆሮው ጀርባ እርሳሱን አወጣና፣
«እማማ ሙሉጎጃም፣» አለኝ አርክቴክቱ፣
«ከላይ ማን ሊያድር ነው? የማን ነው መኝታው፣ የማን ነው ንጋቱ?»

እኔ የጠበቅሁት ሌላ ነበር ጣጣ፤
ስንት ኩንታል ሲሚንቶ፣ ስንት ብር እንደሚያስወጣ።
ይበልጣል ግን ጠየቀ፣ ነፋስ ከየት እንደሚመጣ፣
ሚያዝያ ላይ ቆርቆሮው ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚቆጣ።
«ከሐይቁ ነው፣» አልኩት፣ «ከሰዓት በኋላ፣
በማንጎው በኩል ነው፤ ለሽምብጥ የለውም መንገድ ሌላ።»

ኮርኒሴ ችፑድ አይደለም፣ አቡጀዴ ነው፤
ጉድለት ያለበት ጣቃ፣ ከፋብሪካው በቅናሽ የተገዛ፣
እኔ በሌሊት ፈረቃ የሸመንኩት፣
ባሌ በምስማር የወጠረው፣
ኖራ የጠጣ፣ ክረምት የጻፈበት።
ይበልጣል ጥግ ጥጉን በጉጠት ነቀለው።
ወረደ፤ አቧራ፣ የአይጥ ጎጆ፣ የሠላሳ ዓመት ጨለማ፣
የተጣመመ የብስክሌት ቸርኬ፣
አንድ እግር የልጄ የጋሻነው ጫማ፣
ጣልከው ብለን የገረፍነው።

ቀና ብዬ አየሁ፣ ወራጁን፣ ማገሩን፤
ምስጥ በልቶታል ግራውን፣ ምሮታል ቀኙን።
ከፍታው ከጫፉ ሥር አንድ ሜትር ከሰማንያ፤
«መሐሉ ብቻ ነው ቀጥ ብሎ መቆሚያ፣
ዳር ዳሩ ለአልጋ፣ ለሳጥን፣ ለመንበርከኪያ።»
ጭቃውን ግን አላመነውም፤
አራት የብረት ምሰሶ ሣለ።

«ለልጅዎ ነዋ፣ ሚስቱም ደርሳለች አሉ፤
ደረጃውን ቆም፣ ጠበብ እናርገው፣ ወጣት ናቸው፣ ይችላሉ።»
«ለእነሱ ምድሩን ስጥ፣ ሰፊውን፣ ደጃፉን፤
ሕፃን በደረጃ እንዴት ይዳህ? እኔ ልውሰድ ጫፉን።»

ዝም አለ። ወረቀቱን ቀደደው፤ አልተቆጣም።
ከዚያ ተንበረከከ፣ ሜትሩን ይዞ፣
ቤቴን ሊለካ መጥቶ ጉልበቴን ለካው፣
ከወለሉ እስከ ሎሚው።
«እግርዎን ያንሱ፣ እስኪያምዎ ድረስ።»
አነሳሁ።
ሃያ ሁለት ዓመት ከማሽን ጎን የቆመ ጉልበት
ያለ አስተርጓሚ ነገረው።
«አሥራ አምስት ተኩል፣» ብሎ ጻፈ፤
«እንግዲህ የደረጃው ልክ ይኸው።»

ዝግ ያለ ደረጃ ሳሎን ይበላል፤ በላ።
ቡፌው ተሸጠ፣ ሶፋው ሄደ ወደ ሌላ።
ማዘጋጃ ቤት ሁለት ወር አመላለሰኝ፣
«ፎቅ ነው ወይስ ቆጥ?» እያለ፣ ጠያቂው እየተቀያየረብኝ።
አንድ ቀን፣ «ቆጥ ነው፣ ዶሮ የሚሰፍርበት፣
እኔ ነኝ ዶሮዋ፣» አልኳቸው፤ ሳቁና ማህተም መቱበት።

ፈንታነሽ በአጥር ብቅ ብላ፣
«የቆጡን አወርድ ብላ…» ብላ ተወችው፤
የቀረውን ለእኔው አስጨረሰችው።
እኔ የቆጡን አላወርድም፤
ብብቴን ይዤ ነው የምወጣው፣
ብብቴ ሥር ያቺ የአቡጀዴ ቁራጭ፣
ዝናብ ቡኒ ደሴት የሣለባት።

መስኮቷ ትንሽ ናት፤ በትራሴ ልክ አወረዳት።
በማንጎውና በአዲሱ ሆቴል መካከል
ጣና ይታያል፤ ሁሉም አይደለም፣
የነጠላ ጥለት የሚያህል፣
ጠዋት ሰማያዊ፣ ከሰዓት ጭቃ የነካው።
ዓይኔ ልማዱ ነው፣ የተበጠሰ ክር ፈለገ፤
ታንኳ ሲያልፍ አገኘ፣ ተወው።

ሙቀቱ? ሚያዝያ ላይ መቆጣቱ አልቀረም፣
ይበልጣል የአየር መውጫ ቢያበጅለትም።
ምስጡም ግራውን ጨርሶ እንደሁ ገና አላወቅንም።

ደረጃው አሥራ ሰባት ነው።
ዛሬ ዘጠነኛው ላይ ቁጭ አልኩ፤ ደክሞኝ አይደለም፣
ከታች ሕፃኑ አለቀሰና
ማን እንደሚያነሳው ልሰማ።
ጋሻነው አነሳው።
ጉልበቴ ዝም አለ።